እግሩ የበሰበሰ ቋሚ፦ ከጉለሌ እስከ ሂዳ ተራሮች

ጥቅምት 9፣ አዲስ አበባ

ጉለሌ ያለው የአባቴ ቤት በረንዳ በስድስት የጽድ ቋሚዎች ላይ ነው የቆመው። ከበሩ በስተግራ ያለው ሦስተኛው እግሩ ሲበሰብስ፣ ከ12 ዓመት በፊት የታችኛውን አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ በሲሚንቶ የሞላሁት እኔው ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ በርና መስኮት ስሠራ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን እንደ ግንበኛ አሰብኩ። አባቴ በሕይወት ነበር። ከወንበሩ ሳይነሳ ተመለከተኝና «እንጨት በድንጋይ አይታከምም» አለኝ። የሽማግሌ ጭቅጭቅ መስሎኝ አለፍኩት። ባለፈው ክረምት ከሲሚንቶው በላይ ያለውን እንጨት በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ዳቦ ገባልኝ።

የእህቴ ልጅ ናራ በምትባለው የጃፓን ከተማ የግንባታ ሙያ ትማራለች። የቋሚውን ፎቶ ስልክላት «አጎቴ፣ እዚህ እንዲህ ያለውን የታመመ እግሩን ብቻ ቆርጠው ይቀጥሉለታል፤ ለምን መጥተው አያዩም?» ብላ ጻፈችልኝ። ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ይቅር።

ሻንጣዬ ውስጥ ከዚያው ቋሚ የተረፈች፣ መጽሐፍ የምታክል የጽድ ቁራጭ አስገባሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የማስታወሻዬ ቀኖች ግን በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ጥቅምት 11፣ ቶኪዮ

በሴኡል አድርጌ ናሪታ ገባሁ። ስለ በረራው የምጽፈው የለኝም፤ ጉልበቴ ያስታውሰው። ያደርኩት ካትሱሺካ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ ዮትሱጊ ጣቢያ አካባቢ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ተሰባስቦ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የመጀመሪያው እራቴ እንጀራ በምስር ወጥ ሆነ። የተቀበለኝ የድሮ ጎረቤታችን የመጣሁበትን ነገር ስነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሰው ጃፓን የሚመጣው መኪና ለማየት ነው፤ አንተ የበሰበሰ እንጨት?»

ጥቅምት 12፣ ኮቤ

ፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ሺን-ኮቤ ጣቢያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት አልፈጀበትም። የእህቴ ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን፤ በአጠገባችን የሚያልፉት ጃፓኖች ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

የታኬናካ የአናጢ መሣሪያዎች ሙዚየም ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1984 ተመሥርቶ አሁን ወዳለበት ቦታ የተዛወረው በ2014 ነው። ስለ መሣሪያ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ግን የመጋዞቹ ጥርስ ወደ እጀታው ዞሮ አየሁ። የእነሱ መጋዝ የሚቆርጠው ሲገፉት ሳይሆን ሲስቡት ነው። መላጊያቸውም እንዲሁ፤ ወደ ራስ ነው የሚሳበው። ቆሜ ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ። የሚገፋ መጋዝ እንዳይጎብጥ ወፍራም መሆን አለበት፤ የሚሳብ ግን ስበቱ ራሱ ስለሚወጥረው እንደ ወረቀት ቢሳሳም አይታጠፍም። የሳሳ መጋዝ ደግሞ ጠባብ ጎዳና ይቆርጣል፤ ከሚያስወግደው ሰጋቱራ በቀር እንጨት አያባክንም።

ከዚያ ወደ መጋጠሚያዎቹ ደረስን። በሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ይከፍሏቸዋል። እንጨትን በርዝመቱ የሚቀጥለው ትሱጊቴ ይባላል፤ ማዕዘን ላይ የሚያገናኘው ሺጉቺ። ከሥራቸው የልጅ ልጆቹ ብዙ ናቸው። እኛ «ወንዴና ሴቴ» ብለን የምናልፈውን እነሱ እንደ ከብት መልክ ለየብቻ ስም አውጥተውለታል። አንገቱ ቀጥኖ ራሱ የሰፋው «ጉንዳን» ነው፤ ሌላው «ማጭድ»። በእጅ የሚፈቱና የሚገጠሙ ናሙናዎች ጠረጴዛ ላይ አሉ። አንዷን አንስቼ ለመፍታት ብሞክር እምቢ አለች። ከጎኔ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አየኝ፣ ተቀበለኝና በአንድ ጊዜ ወደ ጎን አንሸራቶ ፈታት። አመሰገንኩት። በልቤ ግን አልተደሰትኩም።

ለቤቴ ቋሚ የምፈልገውን ያገኘሁት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካናዋትሱጊ ይባላል። ሁለቱ ጫፎች መንትያ ናቸው፤ አንዱን ገልብጠህ ብታየው ሌላው ነው። እያንዳንዱ በረጅሙ ግማሽ ለግማሽ ይቆረጣል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ምላስ፣ ሥሩ ላይ ምላሱን የሚቀበል ጎድጓዳ አለው። ሁለቱን ከጎን ታስጠጋቸዋለህ፤ ከዚያ አንዱን ወደ ሌላው ስትገፋው ምላሶቹ ይገባሉ፤ በመሐላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይከፈታል። በቀዳዳው ሽብልቅ የመሰለ ካስማ ይመታል። አለቀ። ኮላ የለም፣ ብሎን የለም። ካስማውን በሌላ በኩል መትተህ ብታስወጣው ደግሞ ያለ አንዳች ጉዳት ይፈታል።

ጥቅምት 13፣ ኦሳካ

ሰው ሁሉ የኦሳካን ግንብ ፎቶ ሲያነሳ እኔ በዋናው በር፣ ኦቴሞን በሚሉት ሥር በርከክ ብዬ የአንድ ቋሚ እግር ስመረምር ዋልኩ። በሩ በ1628 የተሠራ ነው። ከኋላ የሚደግፈው ቋሚ ታችው በስብሶ በኋላ ዘመን ተቀጥሏል፤ የቅጥሉ መስመር ግን አናጢን የሚያሳብድ ነው። በሁለት ተቃራኒ ፊቶቹ ላይ «ጉንዳኑ» ይታያል። በተቀሩት ሁለት ፊቶች ላይ እንደ ተራራ ጫፍ የሾለ መስመር አለ። ጉንዳን ያለበት እንጨት ከላይ ወደ ታች አይገባም፤ ከጎንም እንዳይገባ ተራራው ይከለክላል። ታዲያ በየት ገባ?

ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻ ቋሚውን እንደ ታማሚ በኤክስሬይ አዩት። መልሱ በሰያፍ ነው። አዲሱን እግር በሰያፍ መስመር ወደ ላይ አንሸራተው ነው ያስገቡት። ሳልጠየቅ ልናገር፦ ለጥንካሬው ብቻ ከሆነ ይህን ያህል መራቀቅ አያስፈልግም ነበር። ይህ አናጢ ከእሱ በኋላ በሚመጡት አናጢዎች ላይ መሳቅ የፈለገ ሰው ነው። ተሳክቶለታል።

ጥቅምት 14፣ ናራ

ሆርዩጂ ገዳም በ607 ተመሠረተ፤ በ670 ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሕንፃዎቹ በዓለም ላይ ቆመው ካሉት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ቀደምቶቹ ናቸው። ባለ አምስት እርከኑ ማማ ከ32 ሜትር በላይ ይረዝማል። በመሐሉ ከሥር እስከ ጫፍ የሚያልፈው ምሰሶ የሂኖኪ ዛፍ ነው፤ ቀለበቶቹ ተቆጥረው በ594 እንደ ተቆረጠ ታውቋል። «ምሰሶ» የሚለውን ቃል እኛም የምንጠብቀው ለመሐለኛው ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቋሚ ናቸው። እዚያ ቆሜ ቃሉ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ።

ማማውን ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔን የያዘኝ በግቢው ዙሪያ ያለው መተላለፊያ ነው። ቋሚዎቹን በቅርብ ስታያቸው እንደ አርበኛ ልብስ የተጣፉ ናቸው። እዚህ የእጅ መዳፍ የምታክል ካሬ ቁራጭ ገብታለች፤ እዚያ አንድ ክንድ እግር ተቀጥሏል፤ አንዱ ላይ ደግሞ ቅጥሉ ራሱ በሌላ ቅጥል ተጠግኗል። አንዱንም ቀለም ቀብተው ሊደብቁት አልሞከሩም። እጄን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፍኩ፤ ጥፍሬ የሚገባበት ክፍተት አላገኘም።

የዚህ ገዳም የመጨረሻው ታላቅ አናጢ ኒሺኦካ ትሱኔካዙ ነው፤ ከ1908 እስከ 1995 የኖረ። አያቱም አናጢ ነበሩ። ልጁን ለሙያው ሲያጩት ግን መጀመሪያ የላኩት ወደ ግብርና ትምህርት ቤት ነው፤ አፈርን ያላወቀ እንጨትን አያውቅም ብለው። በ1934 የተጀመረው ትልቅ ጥገና ሕንፃዎቹን ከጣሪያ እስከ መሠረት እያንዳንዱን እንጨት ፈትቶ፣ የታመመውን ጠግኖ፣ እንደገና መግጠም ነበር። ኒሺኦካ የሸክላው ክብደት ሲነሳላቸው የጣሪያው አሮጌ እንጨቶች ቀስ በቀስ ቀና እንዳሉ፣ በመላጊያ ሲነኩም የሂኖኪው ሽታ ገና እንዳለ ይናገር ነበር። ከ1300 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ጥገናው እየተካሄደ ሳለ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1949፣ ዋናው አዳራሽ በእሳት ተያዘ። የግድግዳ ሥዕሎቹ ተጎዱ። የላይኛው ክፍል ቀድሞ ተፈትቶ ስለ ነበር ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕጓን አወጣች። እስከ ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን በየቅርሱ ቦታ የእሳት ማጥፋት ልምምድ ይደረጋል።

እዚህ ላይ አንድ ተረት ላፍርስ። «የጃፓን ቤተ መቅደስ ያለ አንድ ምስማር ይሠራል» ይባላል። ውሸት ነው። ሆርዩጂ ውስጥ ምስማር አለ፤ እንደ ዛሬው ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን በባለ እጅ የተቀጠቀጠ ባለ አራት ማዕዘን ምስማር ነው፤ ከእንጨቱ እኩል ኖሯል። ቤቱን ያቆመው ግን መጋጠሚያው ነው፤ ምስማሩ ረዳት ነው።

ጥቅምት 15፣ ናራ

ጠዋት ቶዳይጂ ገዳም ሄድን። ከትልቁ ቡድሃ ይልቅ ከፊቱ ያለው የደቡብ በር ነው ልቤን የወሰደው። በ1199 ተሠራ። ጣሪያው ሥር ቆመህ ቀና ስትል አግዳሚዎቹ ግዙፎቹን ቋሚዎች በስተው እያለፉ በሌላ ወገን ጫፋቸውን ያወጣሉ፤ ቀዳዳው ውስጥ በሽብልቅ ተጠብቀዋል። ደብረ ዳሞ ግድግዳ ላይ የሚወጡት «የዝንጀሮ ራሶች» ትዝ አሉኝ። በእነዚያ ሁለት አገሮች መካከል ምንም ግንኙነት አልነበረም፤ እንጨትን ከቦታው እንዳይንሸራተት መያዝ የፈለገ ሁሉ ግን ጫፉን ትንሽ ማስወጣቱ አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ያኩሺጂ ገዳም። ሁለት ማማዎች ጎን ለጎን አሉ። ምሥራቃዊው በ730 የተሠራ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ተጠግኗል። ምዕራባዊው ያው ኒሺኦካ በ1981 የሠራው ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጥቂት ከፍ ይላል። የእህቴ ልጅ ስህተት መስሏት እንደ ነበር ነገረችኝ። ስህተት አይደለም። እንጨቱ እየደረቀ፣ ከክብደቱም የተነሳ እየተጨቆነ ሲሄድ በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ከወንድሙ ጋር እንዲተካከል ታስቦ ነው። ሠሪው የማያየውን ልኬት ለክቶ ሄደ።

ዋናውን አዳራሽ በ1976 ሲሠሩ ግን ኒሺኦካ አልተሳካለትም። ለእሳት ሲባል የውስጡ ክፍል የብረትና የሲሚንቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ እሱ አጥብቆ ቢቃወምም። ከውጭ እንጨት፣ ከውስጥ ሲሚንቶ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ የጉለሌው ቋሚዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጥቅምት 16፣ መንገድ ላይ

ናራ፣ ኪዮቶ፣ ናጎያ፣ ከዚያ ወንዝ ለወንዝ የሚወጣው ባቡር እስከ ታካያማ። ቅጠሉ ቀልቷል። ይህ የሂዳ አገር ነው፤ የአናጢዎች አገር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ የሂዳ ሰው ከተወሰነ ግብር ነጻ ሆኖ በምትኩ ከየ50 ቤቱ 10 አናጢ ወደ ዋና ከተማው እንዲልክ ታዝዞ ነበር። እህል የማይበቅልበት ተራራ ግብሩን በእጅ ሙያ ከፈለ። ትናንት ናራ ላይ ያየሁትን የጥንቱን ሥራ የእነዚህ ሰዎች አያቶች ሳይነኩት አልቀረም።

ጥቅምት 17፣ ከታካያማ ውጭ

የእህቴ ልጅ በትምህርቷ ምክንያት የምታውቀው አንድ አናጢ ከታካያማ ወጣ ባለ መንደር የገበሬ ቤት እየጠገነ ነው። ዕድሜው ከሰባ ያለፈ፣ አጭር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ ሰው። ሁሉም «ቶርዮ» ይሉታል፤ የአናጢዎች አለቃ ማለት ነው። ሰላምታ ስሰጥ እንደ አገሬ ልማድ በሁለት እጄ እጁን ያዝኩ፤ እሱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ስለ ነበር ግንባራችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

ሻንጣዬን ከፍቼ የጽዱን ቁራጭ ሰጠሁት። ምንም ሳይናገር መላጊያውን አንስቶ አንድ ጊዜ ሳበ። የወጣው ፍቅፋቂ ማዶውን ያሳያል። አሸተተው። ሁለቱን ተማሪዎቹንም አስሸተታቸው። «የሂኖኪ ዘመድ ነው» አለ። ትክክል ነው፤ ጽድና ሂኖኪ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያወቅሁት፤ እሱ ባፍንጫው።

ቤቱ መሠረት የለውም። ቋሚዎቹ ከወንዝ በመጡ ያልተጠረቡ ድንጋዮች ላይ እንዲሁ ተቀምጠዋል። በሰሜን በኩል ያሉት ሦስቱ የዝናብ ፍንጣቂ ሲመታቸው ኖሮ እግራቸው ተበልቷል። ቶርዮ በመሮው ጀርባ ከታች ጀምሮ እያንኳኳ ወጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጉልበት አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ቅጭል የሚል የጠራ ድምፅ። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከምልክቱ በላይ ሦስት ጣት ያህል ጨምሮ ሌላ አደረገ። «ከዚህ በላይ ያለው ጤነኛ ነው፤ ጤነኛውን የምነካበት ምክንያት የለኝም» አለ።

እንግዲህ ሙያው ከዚህ ይጀምራል። አሮጌ ቋሚ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ስኳድራ የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ብታስጠጋበት ይዋሻል። ስለዚህ የሚለኩት ከጠርዙ ሳይሆን ከመሐሉ ነው። ሱሚትሱቦ የተባለች የቀለም ዕቃ አለቻቸው፤ ክሯ በጥቁር ቀለም በተነከረ ጥጥ ውስጥ አልፋ ትወጣለች። ክሩን ወጥሮ በጣቱ ነካ ሲያደርገው በቋሚው ወገብ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታተመ። እኛም በሲባጎና በከሰል ዱቄት እንዲሁ እናደርጋለን፤ የእኛ መስመር ግን ጣት ያክላል። ከዚያች መስመር ግራና ቀኝ እየለካ መጋጠሚያውን ሣለ። ርዝመቱ ከቋሚው ውፍረት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

እኔ በቁራጭ እንጨት እንድሞክር ተሰጠኝ። ሁለት ጊዜ መጋዙን ገፋሁት፤ የሃያ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ማታ ሁለቱን ግማሾች ስገጥማቸው ወገባቸው ተጠማዘዘ። ቶርዮ ከመሬት ፍቅፋቂ አነሳና ክፍተቱ ውስጥ አስገባት። ሰተት ብላ ገባች። ሌላ ጨመረ። ሦስተኛዋ ላይ ቆመች። ምንም አላለም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 18፣ እዚያው

አዲሱ እግር የኩሪ እንጨት ነው፤ ፈረንጆቹ ቼስትነት የሚሉት ዛፍ፣ እርጥበትን ይችላል። ቤቱን በሁለት ክሪክ ትንሽ፣ ጣት የማይሞላ አነሱት። ጣሪያው አጉረመረመ። አሮጌው እግር ተቆርጦ ሲወጣ ውስጡ እንደ ጌሾ ብትን ብሎ ረገፈ።

ቀኑን ሙሉ የፈጀው ግን መጋጠሚያው አይደለም፤ የእግሩ መዳፍ ነው። ድንጋዩ ጎርባጣ ነው፤ ድንጋዩን ጠርቦ ማስተካከል ቀላል ነበር። አይነኩትም። እንጨቱ ነው የድንጋዩን መልክ የሚይዘው። ድንጋዩን በቀለም ቀቡ፤ ኩሪውን አስቀመጡ፤ አነሱ፤ ቀለም የነካውን ቦታ በመሮ ፈቀፈቁ፤ እንደገና አስቀመጡ። የጥርስ ሐኪም ወረቀት አስነክሶ እንደሚሞርደው ነው። ልጅቷ ተማሪ ናት ይህን የሠራችው። ቆጠርኩ፤ 14 ጊዜ አነሳችው። በመጨረሻ መሐሉን ትንሽ ጎድጎድ አድርጋ ጠርዙ ብቻ እንዲያርፍ አደረገች። ድንጋዩ ላይ ስታቆመው ማንም ሳይይዘው ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ አግዳሚ ምላስ ላይ አቧራ ስንጠርግ በቀለም የተጻፈ ነገር ወጣ። የመጀመሪያው አናጢ ምልክት ነው። የቤቱን ወለል በመስመር ከፋፍለው በአንድ በኩል ፊደል፣ በሌላው ቁጥር ይሰጡታል፤ እያንዳንዱ እንጨት የራሱ አድራሻ አለው። «ሀ-3» እንደማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ ማንም እንዲያነበው ሳይሆን ቤቱን አንድ ቀን ለሚፈታው ሰው ብቻ። ቶርዮ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ «ሦስቱ ቁጥር ላይ ቸኩሏል» ብሎ ሳቀ።

ምሳ ላይ ስለ ዩኔስኮ ጠየቅሁት። በ2020 የጃፓን የእንጨት ሕንፃ ጥበቃ ሙያዎች፣ በቁጥር 17፣ የማይዳሰስ የዓለም ባህላዊ ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ አናጢነቱ፣ የዛፍ ልጣጭ ጣሪያው፣ የግድግዳ ልስኑ፣ ሁሉም። ደስ እንዳለው ጠይቂልኝ አልኳት። «ደስ ይላል። የሚበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ጥሩ ድንጋይ ነው፤ የመሮ መሳያ» አለ።

ጥቅምት 19፣ ሺራካዋ-ጎ

የዕረፍት ቀን ነው። በአውቶቡስ ሺራካዋ-ጎ ሄድን። ጎብኚው ከቤቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ አጭር እሆናለሁ። ቤቶቹ ለጸሎት እንደ ተጋጠሙ እጆች ሹል የሣር ክዳን አላቸው፤ ክረምት የሚከመረው በረዶ እንዲንሸራተት። የታችኛው ቤት የአናጢ ሥራ ነው፤ መጋጠሚያና ካስማ። የጣሪያው አጥንት ግን በገመድና በተጠማዘዘ ቀጭን ቅርንጫፍ ይታሰራል፤ እሱን የሚሠራው መንደርተኛው ነው። ክዳኑ በየ30 እና 40 ዓመቱ ሲለወጥ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ አንዱን ቤት ይከድናል፤ ብድሩ በተራ ይመለሳል። «ዩኢ» ይሉታል። የእህቴ ልጅ ስታስረዳኝ ገና በግማሽ ሳትደርስ «ወንፈል ነዋ!» አልኳት። አያቴ መንዝ ውስጥ ጎጆ ሲሠሩ ወራጁን በልጥ ሲያስሩ አስታውሳለሁ፤ ጠላው ከመቅረቡ በፊት የሚሄድ ሰው አልነበረም። እዚህም ከሥራው በኋላ ድግስ አለ አሉኝ።

ጥቅምት 20፣ ከታካያማ ውጭ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኩሪውን ከጎን አስጠጉት። ግማሽ ለግማሽ ተያያዘ። ቶርዮ የእንጨት መዶሻውን ይዞ ከታች ወደ ላይ በቀስታ መታ፤ ምላሶቹ ጎድጓዳቸው ውስጥ ገቡ፤ መሐል ላይ ቀዳዳው ተከፈተ። ካስማው ካሺ ከሚሉት ጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው። መጀመሪያ በእጁ ከተተው። ከዚያ መታ። ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነበር፤ በየምቱ እየቀጠነ፣ እየጠራ ሄደ። ስድስተኛው ላይ እንደ ደወል ሆነ። እዚያ ላይ አቆመ። እኔ ብሆን ሰባተኛ እጨምር ነበር፤ ሰባተኛው ነው የሚሰነጥቀው።

ክሪኩን ሲያወርዱት ቤቱ እንደ ሰው ተነፈሰ። ፍቅፋቂ አንስቼ መጋጠሚያው ላይ ሞከርኩ። አልገባችም። ቶርዮ እያየኝ ነበር፤ ፈገግ አለ።

ከመለያየታችን በፊት ስለ ቤቴ በዝርዝር ጠየቀኝ። ፎቶውን አየ። ስለ ሲሚንቶው ምንም አልወቀሰኝም፤ እንዴት እንደሚበሰብስ ብቻ አስረዳኝ። ሲሚንቶ ውሃውን ከእንጨቱ ሥር ይይዛል፤ እንጨት መርጠብ አይገድለውም፤ መድረቅ አለመቻሉ ነው የሚገድለው። እግሩን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ አውጣው፣ ነፋስ ይዙርበት አለ። የጽዱን ቁራጭ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ለራሱ አስቀረ። በሌላኛው ግማሽ ላይ ካናዋትሱጊውን በትንሹ ሠርቶ ሰጠኝ፤ እያወራን ነው የሠራው።

ኅዳር 2፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ጠዋት ሲሚንቶውን በመዶሻ ፈለጥኩት። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ዝናብ ካቆመ ወር ሆኖታል፣ እንጨቱ ግን ይንጠባጠብ ነበር። በመሮዬ ጀርባ ከታች ጀምሬ አንኳኳሁ። አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ ድምፁ ጠራ። ሦስት ጣት ጨምሬ ምልክት አደረግሁ። ሲባጎውን እንደ ወትሮው ከሰል ውስጥ ሳይሆን ቶርዮ በሰጠኝ ቀለም ነክሬ በቋሚው መሐል ወጠርኩት። መስመሩ ከእሱ ይወፍራል፤ ከድሮዬ ግን ይቀጥናል። ጽድ ሳሪስ መጋዘን አለ ብለውኛል፤ የደረቀ መሆኑን ነገ ሄጄ አያለሁ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። የተፈለጠውን ሲሚንቶ አይቶ «አይ ጋሼ፣ እንደገና ሊሞሉት ነው? ስንት ከረጢት ይፈልጋል? ወንድሜ ጋ በቅናሽ አለ» አለኝ።

«ሲሚንቶውስ ይቅር» አልኩት፤ «የመኪናህን ክሪክ ለሁለት ቀን አውሰኝ።»